የሚሚ ስዊች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሚሚ የእህቴ ልጅ ናት። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት አለባት። እጇ ያሰበችበት ቦታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድባታል። ከአፏ የሚወጡት ቃላትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚነገራትን ግን አንድም ሳይቀር ትረዳለች። ቤት ውስጥ ቀልድ ሲወራ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። እህቴ "የሰው ሬዲዮና ስልክ ስትጠግን ትውላለህ፤ እስቲ ለሚሚም የሆነ ነገር ሞክርላት" አለችኝ። እኔም ሳስበው የከረምኩት ነገር ስለነበር እሺ አልኩ። የምንሠራውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። እንደኛ ያለ ቤተሰብ የሚጠቅመውን ይውሰድ።

በመጀመሪያ ሚሚ አሻንጉሊት በራሷ የምታስነሳበት ስዊች እንሠራለን። ቀጥሎ የመናገሪያ ሰሌዳ። ሲሳካ ደግሞ ታብሌት። ተሠርቶ የተዘጋጀውን መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደ ፈረንጆቹ በ2022 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት ግን አያገኙም። መነጽሩም፣ ዊልቸሩም፣ የመስሚያ መሣሪያውም፣ መናገሪያውም እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። እስኪገኝ እየጠበቁ ልጅን ማሳደግ አይቻልም። በእጅ ባለው እንጀምራለን።

ቅዳሜ፦ ሚሚን ማየት

ዛሬ መፍቻም አላነሳሁም። የሚሚን የሰውነት እንቅስቃሴ የምትከታተለው ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ "ከመሣሪያው አትጀምሩ" ብላናለች። የጠየቀችን ጥያቄ አንድ ነው፦ ሚሚ በራሷ ፈቃድ፣ ደጋግማ፣ ሳትደክም የምታንቀሳቅሰው የሰውነት ክፍል የቱ ነው? የግድ ጣት መሆን የለበትም። ጉንጭ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ እግር፣ ጭንቅላት፣ ቅንድብ ሳይቀር ይሆናል።

እህቴና እኔ ቁጭ ብለን አየናት። ግራ እጇን ጨብጣ ወደ ፊት ስትገፋ ይሳካላታል። ቀኙ አንዳንዴ ይታዘዛታል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላታል። ጉልበቶቿንም ማቀራረብ ትችላለች፤ ሲደክማት ግን ይቀራል። ስለዚህ የግራ እጇ ቡጢ ተመረጠ። ጉልበቱን ለኋላ ይዘነዋል።

ሌላም ነገር አስተዋልን። "አዎ" ስትል ዓይኗን ወደ ላይ ታነሳለች። "አይ" ስትል ፊቷን ወደ ግራ ታዞራለች። እህቴ ይህን ድሮም ታውቃለች። መምህሯና ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶች ግን አያውቁም። በትልልቁ ጻፍኩና ወንበሯ ላይ ለጠፍኩት፦ "አዎ ስል ዓይኔን ወደ ላይ አነሳለሁ። አይ ስል ፊቴን ወደ ግራ አዞራለሁ። እባካችሁ ጠብቁኝ።" አንድ ወረቀትና ፕላስተር ብቻ ነው የፈጀው። ሌላ ምንም መሥራት የማይችል ቤተሰብ ይህን ብቻ ቢያደርግ ትልቅ ነገር ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት፦ ወንበሩ

ስዊቹን ከመሥራቴ በፊት ወንበሩ መቅደም አለበት። ልጅ ተደላድላ ካልተቀመጠች ጉልበቷ ሁሉ ላለመውደቅ ያልቃል። ለእጇ የሚተርፍ አቅም አይኖራትም።

ወንበሩን ከካርቶን ነው የምሠራው። ካርቶን ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ኒውዮርክ ውስጥ አሌክስ ትሩስዴል የመሠረተችው ድርጅት ግን ለአካል ጉዳተኛ ልጆች በየልካቸው የካርቶን ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠራ ዓመታት አስቆጥሯል። እሷም በዚሁ ሥራ በ2015 ማክአርተር የሚባለውን የአሜሪካ ትልቅ ሽልማት አግኝታለች። ዚምባብዌ ውስጥም ቤቪል ፓከር የሚባል መምህር ከአሮጌ ወረቀትና ካርቶን ሰው የሚሸከም የቤት ዕቃ መሥራትን ሲያስተምር ኖሯል።

የጥንካሬው ምሥጢር ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ቦዮች ናቸው። የመጀመሪያው ንጣፍ ቦዮች ወደ ላይ ከሄዱ የሁለተኛው ወደ ጎን ይሂዱ። ንጣፎቹን በኮላ አጣብቆ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ነው። ጠርዞቹ በወረቀትና በኮላ ይሸፈናሉ፤ በላዩ ቀለም ይቀባል፤ ካልሆነ ምራቅና ውኃ ያበላሹታል።

ልኩን ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ያወጣችው። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በግምት 90 ዲግሪ እንዲታጠፉ። ይህ መነሻ ነው፤ ለሁሉም ልጅ አይሆንም፣ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሳያይ አትቁረጡ። የመቀመጫው ጥልቀት ከጉልበቷ ጀርባ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። እግሯ የግድ የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል። እግር ሲንጠለጠል መላ ሰውነት ይወጠራል። ዳሌዋን የሚይዘው ቀበቶ ከሆዷ በታች ነው የሚያልፈው። ደረት ላይ የሚታሰር ነገር ሲንሸራተት ወደ አንገት ሊወጣ ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ሳትነጋገሩ አታስሩ።

ከወንበሩ ባነሳናት ቁጥር ጀርባዋንና መቀመጫዋን እናያለን። የቀላ ቦታ ኖሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ወንበሩ እዚያ ጋ እየጎዳት ነው ማለት ነው። የግራ ዳሌዋ ጋ እንዲህ ያለ ምልክት አገኘንና ጠርዙን ሞርጄ ስፖንጅ ጨመርኩበት።

ስዊቹ የት ይቀመጥ?

ይህ ለብቻው ይጻፍ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል።

ባዶ የፕላስቲክ ክዳን ይዘን ቦታ ፈለግን። በስተግራ ስናስቀምጠው ሚሚ ልታየው ፊቷን ወደ ግራ ታዞራለች። ያኔ ግራ እጇ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ቀኙ ይታጠፋል። እጇን ወደ ክዳኑ መመለስ አልቻለችም። ለሚያያት ሰነፍ ትመስላለች። እውነቱ ሌላ ነው። ሕፃናት ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ሪፍሌክስ፣ ማለትም ሳያስቡት በራሱ የሚመጣ እንቅስቃሴ ነው፤ ጭንቅላት ወደዞረበት በኩል ያለው እጅ ይዘረጋል፣ በሌላው በኩል ያለው ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ይጠፋል። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ግን ይቆያል።

ስለዚህ ክዳኑን መሃል፣ ደረቷ ፊት ለፊት አመጣነው። ፊቷ ቀጥ አለ፣ እጇም ተፈታ። በዚያው ቀን እጇ ክዳኑ ላይ ደረሰ። መሣሪያውን አልቀየርንም፣ ቦታውን ብቻ ነው። "አልቻለችም" ተብለው የተተዉ ልጆች ስንቶቹ እንዲህ በጥቂት ሴንቲሜትር ተበድለው ይሆን እያልኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር ጨርቅ ወጠርን፤ ስዊቹ ቢጫ ይሆናል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ከአንጎል የሚመጣ የማየት ችግርም አለባቸው። ዓይናቸው ደህና ሆኖ አንጎላቸው የታየውን ለመለየት ይቸገራል። ዝንጉርጉር ነገር ያደክማቸዋል። በጥቁር ላይ አንድ ደማቅ ቀለም ይቀላቸዋል።

ማታ ማታ፦ ሽቦ ሥራ

አሁን ወደ ሙያዬ መጣሁ። ስዊች የሚባለው ነገር ሁለት ሽቦ የሚያገናኝና የሚያለያይ ነው፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

አሻንጉሊቱ የሚራመድ ውሻ ነው፤ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። አልፈታሁትም። ሁለት ስስ የመዳብ ቁራጮች ወሰድኩ፣ መሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ አደረግሁ፣ በእያንዳንዱ መዳብ ላይ አንድ ሽቦ በየድኩ። የሽቦዎቹን ሌላ ጫፍ 3.5 ሚሊሜትር ከሆነ የጃክ ሶኬት (የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ዓይነት ቀዳዳ) ጋር አገናኘሁ። ይህን ስስ ነገር በባትሪ ድንጋዩና በሚነካው ብረት መሃል ማስገባት ነው። የውሻው የራሱ ማብሪያ በርቶ ይቆያል። ኤሌክትሪኩ ግን በሚሚ ስዊች በኩል ካላለፈ አይሄድም።

ይህ ዘዴ ለሁሉም አሻንጉሊት አይሠራም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አሻንጉሊቱን አብሩት፣ እየሠራ እያለ ባትሪውን አውጡ፣ መልሳችሁ አስገቡ። በራሱ ከቀጠለ ይሠራል። አዝራሩን ዳግም መጫን ካስፈለገው ግን መፈታት አለበት፤ ሁለት ሽቦ ከአዝራሩ እግሮች ጋር መበየድ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ ከሚሰካ ዕቃ ጋር ይህን በጭራሽ እንዳትሞክሩ።

አሻንጉሊት ስትመርጡ ክብና ጠፍጣፋ የሳንቲም ባትሪ ያለበትን ተዉት። የተዋጠ የሳንቲም ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥል ይችላል። ሌላ ካልተገኘ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚዘጋ ይሁን።

ስዊቹ ራሱ ከቢጫ የፕላስቲክ ክዳንና ከአንዲት ማይክሮስዊች (ሲጫኑት ሽቦዎቹን የሚያገናኝ ትንሽ አዝራር) ተሠራ። ማይክሮስዊች የመረጥኩት "ጠቅ" ስለሚል ነው። ሚሚ መጫኗን በጆሮዋም በእጇም ታውቃለች። ከክዳኑ ሥር በአራቱም ማዕዘን ስፖንጅ አለ፤ ጠርዙን ብትነካውም ይሠራል። ሽቦው ከሳጥኑ በሚወጣበት ቦታ ከውስጥ በኩል ቋጠሮ አሰርኩ፤ ሲጎተት ብየዳው እንዳይነቀል።

የ3.5 ጃክ የመረጥኩበት ምክንያት አለ። የዚህ ዓይነት ስዊቾች በአብዛኛው የሚሠሩት በሱ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የተገዛ ወይም ከሌላ ቤተሰብ የተዋስነው ስዊች ቢመጣ ሳይቆረጥ ይሰካል። ማይክሮሶፍት በ2018 ለአካል ጉዳተኛ ተጫዋቾች ያወጣው የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ሳይቀር 19 እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት። ጃኩ ሞኖ ይሁን። ሞኖው ጫፉ አካባቢ አንድ ጥቁር ቀለበት አለው፣ ስቴሪዮው ሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ውሻው ተነሳ

ሁላችንም ተሰብስበን ነበር፤ ይህ ራሱ ችግር ሆነ። እናቴ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ፣ ተጫኚው" እያለች፣ እህቴ እጇን ልትይዝላት ስትል፣ ሚሚ ስዊቹን ትታ ሰዎቹን ማየት ጀመረች። እማዬን "እባክሽ እማዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም እንበልላት" አልኳት። ቅር አላት፣ ግን ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመ። ሚሚ ስዊቹን አየች። ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቡጢዋ ጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ጠቅ። ውሻው ሁለት እርምጃ ሄዶ ጮኸ። ሚሚ ደንግጣ እጇን አነሳች፣ ውሻው ቆመ። አየችው። ስዊቹን አየች። ጠቅ። አሁን አልደነገጠችም። እጇን ሆነ ብላ አነሳች፣ ውሻው ሲቆም ሳቀች፣ መልሳ ተጫነች።

መጫኑን ብቻ ሳይሆን ማቆሙንም አገኘችው።

ከዚህ የተማርነው መጠበቅን ነው። እህቴ አሁን በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ካስፈለገ ደግማ ትቆጥራለች። ሚሚ ሐሳቧ ፈጣን ነው፤ የሚዘገየው ሰውነቷ ነው። እኛ ቶሎ ገብተን ስንረዳት ግማሽ መንገድ የሄደችበትን እንቅስቃሴ እናቋርጥባታለን።

የመናገሪያ ሰሌዳ

ሰሌዳው የጀመረው በክርክር ነው። እናቴ "ሥዕል እያሳየች የምትግባባ ከሆነ መናገሩን ትተወዋለች" ብላ ፈራች። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ነው፣ ፍርሃቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አለ። የእድገት ችግር ያለባቸው ሰዎች በሥዕል፣ በምልክት ወይም በመሣሪያ መግባባት ሲጀምሩ ንግግራቸው ምን እንደሆነ ተመለከተ። አስተማማኝ ማስረጃ ካለባቸው ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም፤ በአብዛኞቹ ጨምሯል። ይህን ለእማዬ ነገርኳት። "እንግዲያው ይሁን" አለች። አሁን ሰሌዳውን ከሁላችን በላይ የምታዘወትረው እሷ ናት።

ሥዕሎቹን ከአራሳክ ወሰድን። የስፔን የአራጎን ክልል መንግሥት የሚደግፈው የሥዕል ስብስብ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉት። ለንግድ እስካልሆነና ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ በነፃ ይወሰዳል።

ምን ቃል ይግባ? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የዕቃ ስም ነው፦ ውኃ፣ ኳስ፣ አልጋ። የዕለት ንግግራችንን አብዛኛውን የሚሸፍኑት ግን የትም የሚሄዱ ጥቂት መቶ ቃላት ናቸው፦ እፈልጋለሁ፣ ድገሙ፣ ሌላ፣ እዚያ፣ እርዱኝ፣ ምንድነው፣ የኔ፣ በቃ። "ኳስ" የሚጠቅመው ኳስ ሲኖር ነው። "ሌላ" ግን ለጨዋታም ለልብስም ለታሪክም ይሆናል። ትእዛዞቹን በ"እርዱኝ" እና በ"ድገሙ" መልክ ነው የጻፍናቸው፤ ለእናትም ለአባትም ለመምህርም ይሄዳሉ።

አጥብቄ የተከራከርኩት ለሁለት ቃላት ነው፦ "በቃ" እና "አልፈልግም"። ያየኋቸው ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የመለመኛ ናቸው። ልጁ እንዲጠይቅ ይፈቅዳሉ፣ እንዲከለክል አይፈቅዱም። ሚሚ ቀኑን ሙሉ ሰው ያነሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ይነካታል፣ ያለብሳታል። ማቆም የምትችልበት ቃል ከሌላት ያላት ለቅሶ ብቻ ነው። ሰውነቷን የማስከበሪያ ቃል ነው፤ ስታድግ ከጥቃት የሚጠብቃትም እሱ ነው። ስለዚህ "በቃ" በቀይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በግራ በኩል ከላይ ነው ያለው። ሰሌዳው ሲያድግም ቦታው አይቀየርም። እጅ ቦታን ይለምዳል።

ሚሚ በጣቷ መጠቆም ስለማትችል የምንጠቀመው በጥያቄ ነው። አንዱ ሰው መደዳዎቹን ይጠራል፦ "የመጀመሪያው መደዳ? ሁለተኛው?" ዓይኗን ስታነሳ ያ መደዳ ነው። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ ይጠራል። በአንድ ዓይነት ድምፅና በአንድ ዓይነት ፍጥነት መጠራት አለበት። የምንመኘውን ቃል ከፍ አድርገን ከጠራን የኛን መልስ ነው የምትሰጠን። መጨረሻ ላይ "ከዚህ ውስጥ የለም" የሚል ምርጫም አለ።

ዋናው ነገር ግን እኛ ራሳችን መጠቀማችን ነው። "ሌላ ታሪክ እንፈልጋለን?" ስል "ሌላ" እና "እፈልጋለሁ" ላይ በጣቴ እጠቁማለሁ። ሚሚ እንድትመልስ አልጠብቅም፤ ዝም ብዬ በሰሌዳው አወራታለሁ። ሕፃን አንዲት ቃል ከማውጣቱ በፊት ወር ከወር ንግግር ይሰማል። በሰሌዳ የሚያወራላት ሰው ሳታይ እንድታወራ መጠበቅ ግፍ ነው።

ከሰሞኑ፦ ታብሌቱ

አሮጌ የአንድሮይድ ታብሌት አገኘን። አንድሮይድ ውስጥ ለእንደነ ሚሚ ዓይነት ተጠቃሚ የተሠራ "ስዊች አክሰስ" የሚባል ነገር አለ። አይፓድና አይፎን ላይም "ስዊች ኮንትሮል" ከ2013 ጀምሮ አለ። አሠራራቸው ይመሳሰላል፦ ብርሃን ያለው ክፈፍ በስክሪኑ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ የተፈለገው ላይ ሲደርስ ልጁ ስዊቹን ይጫናል።

ስዊቹን ከታብሌቱ ለማገናኘት ከተጣለ የኮምፒውተር ኪቦርድ ውስጥ ትንሿን ሰሌዳ አወጣሁ። ከዚያ የስፔስ ቁልፉ የሚያገናኛቸውን ሁለት ነጥቦች ፈለግሁ። ሽቦ በየድኩባቸውና ከ3.5 ሶኬት ጋር አገናኘሁ። ታብሌቱ ሚሚ ስትጫን "ስፔስ" የተጫነ ነው የሚመስለው። በኦቲጂ ገመድ፣ ማለትም ኪቦርድን የመሰለ ዕቃ ከታብሌት ጋር በሚያገናኝ ገመድ ይሰካል። ኦቲጂው ተሰክቶ ታብሌቱ ቻርጅ ላያደርግ ስለሚችል በፊት ሞልቶ ይቆይ።

መናገሪያው ሲቦርድ የሚባል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የራስን ድምፅ ይቀበላል። ድምፁን የቀዳችው የሚሚ እኩያ የሆነች የአጎቷ ልጅ ናት። እህቴ ልትቀዳ ነበር፤ ግን አንዲት ልጅ በእናቷ ድምፅ "አልፈልግም" ብትል አይመስልም።

የክፈፉን ፍጥነት በጣም አዘገየሁት። ሲሮጥ ሚሚ ትቸኩላለች፣ ስትቸኩል ጡንቻዋ ይወጠራል፣ ሲወጠር ትስታለች። የወረቀቱ ሰሌዳም አይነሳም። ባትሪ ያልቃል፣ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ገላ መታጠቢያ ቤት ታብሌት አይገባም።

ትናንት ፍጥነቱን እያስተካከልኩ ደጋግሜ ስሞክርባት "በቃ" ተጫነች። አጥፍቼ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ሥራው ግማሽ ላይ ነበር፤ ግን ቃሉ ሲባል ካልሠራ ለምን እናስተምራታለን? መድኃኒት ወይም ዳይፐር ሲሆን እንደዚህ ማቆም አይቻልም። ያኔ እህቴ "ሰምቼሻለሁ፣ አልፈለግሽም። ይሄ ግን የግድ ነው፤ አሁን ያልቃል" ትላታለች። እንዳልሰማ ማለፍ የለም።

የቀረው

መምህሯ የሰሌዳውን ቅጂ ጠይቃለች። ሁለት ይታተምና በፕላስቲክ ይለበጣል፤ አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለመጫወቻ ሜዳ። ክፍል ያሉት ልጆች መደዳ መጥራቱን ከአዋቂዎች ቶሎ ለምደውታል፤ መምህሯ ተራ አውጥታላቸዋለች።

ቀጥሎ የምሠራው የጉልበት ስዊቹን ነው። በሁለት ስዊች ከሆነ ክፈፉን በጉልበቷ ራሷ ታራምደዋለች፣ በእጇ ትመርጣለች፤ ሰዓት አያሯሩጣትም። ቶሎ ስለሚደክማት ቀለል ያለ፣ በትንሽ ግፊት የሚሠራ ይፈልጋል። ኒል ስኳየር የሚባለው የካናዳ ድርጅት በሚያካሂደው "ሜከርስ ሜኪንግ ቼንጅ" ፕሮግራም የእንደዚህ ዓይነት ስዊች ንድፎች በነፃ ተለቀዋል፤ በ3ዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ዕቃን ከፕላስቲክ ቀርጾ በሚያወጣ ማሽን ይታተማሉ። ፕሪንተር ያለው ወዳጅ አግኝቻለሁ። ፕላስቲኩ እስኪደርስ ሽቦውንና ጃኩን አዘጋጃለሁ። ወንበሩንም ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር እንደገና እንለካዋለን፤ የእግር መርገጫው አጥሯታል።